ራኩን ሲያስቸግር፦ ለዶሮ ቤት፣ ለኮርኒስና ለበቆሎ የትኛው መከላከያ ይሻላል?

እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ጠባብ አፓርታማ ወጥተን ኩልፔፐር አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ስንገዛ አንዱ ምክንያታችን ዶሮ ነበር። ልጆቻችን እንቁላል ከሱቅ ካርቶን ብቻ የሚወጣ እንዳይመስላቸው ፈለግን። ስምንት ቄቦች ገዛን። የእንጨት ቤት ሠራንላቸውና ፊት ለፊቱን በዶሮ ሽቦ አጠርነው። በሦስተኛው ወር፣ በአንድ ሌሊት አራቱ አለቁ።

ያን ጠዋት ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም። ሽቦው አልተበጠሰም። በሩም አልተከፈተም። አራቱ ዶሮዎች ከውስጥ ሽቦው ሥር ተጋድመዋል፤ አንገት የላቸውም። ራኩን የሚባለው አውሬ እጁን በሽቦው ቀዳዳ እያስገባ፣ ተደናግጣ ወደ ጠርዙ የተጠጋችውን ሁሉ አንገቷን ይዞ ስቧል። ውጭ ጭቃው ላይ የሕፃን መዳፍ የሚመስል ባለ አምስት ጣት ዱካ ነበር። የሰው ልጅ ገብቶ ነበር እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

አገር ቤት ያደገ ሰው ሸለምጥማጥን ያውቃል። ሌሊት ሾልኮ ገብቶ ዶሮ ይዞ የሚሄድ ነው። ራኩን ግን ሌላ ነው። አፍሪካ ውስጥ የለም፤ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ስሙም የመጣው ከዚሁ ከቨርጂኒያ ነባር ሕዝብ፣ ከፖውሃታኖች ቋንቋ ነው። «በእጁ የሚቧጥጥ» እንደ ማለት ነው ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች በደንብ አይተውታል። ሸለምጥማጥ ቀዳዳ ፈልጎ ይሾልካል፤ ራኩን መቀርቀሪያውን ራሱ ይከፍታል። ክዳን ያነሳል፣ ዛፍ ይወጣል፣ ጣሪያ ላይ ይራመዳል። ትልቁ እስከ አሥር ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ብዙ ነገር ሞክሬአለሁ። አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ገንዘብ በልቶ ቀርቷል። አንዱማ ነገሩን አባብሶት ነበር። ሰሞኑን ደግሞ እንደኛ ከከተማ ወጣ እያሉ ቤት የሚገዙ ወገኖች «ወጥመድ የት ይገዛል?» እያሉ ይደውሉልኛል። ወጥመድ የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ራኩኑ ቤታችሁ የሚመጣው ምን ፈልጎ ነው? ዶሮ? ቆሻሻ? እሸት? ወይስ መውለጃ ቦታ? ለእያንዳንዱ የሚያዋጣው መላ ይለያያል።

ቆሻሻና የተረፈ ምግብ

ይህ ቀላሉ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ድግስ በተደገሰ ማግስት የዶሮ ወጥ አጥንትና የእንጀራ ትራፊ በፌስታል ውጭ ካደረ ራኩን ጠራችሁ ማለት ነው። አንዴ ከቀመሰ ደግሞ መንገዱን አይረሳም። ቆሻሻው ጋራዥ ውስጥ ይደር፤ መኪናው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ይውጣ። ጋራዥ ከሌለ የበርሜሉን ክዳን በላስቲክ ማሰሪያ ግራና ቀኝ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የድመትና የውሻ ምግብ ሲመሽ ይግባ። የወፍ መመገቢያ ካላችሁም ማታ አውርዱት። ይህን ሳታደርጉ ከታች ከምጽፈው ውስጥ የትኛውንም ብትገዙ ገንዘባችሁን ታባክናላችሁ።

ዶሮ ቤት፦ የዶሮ ሽቦ፣ ሃርድዌር ክሎዝ ወይስ የኤሌክትሪክ መረብ?

የዶሮ ሽቦ ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። እኔንም ጨምሮ። ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ቀጭን ሽቦ ዶሮዋን ከውስጥ ለማገድ እንጂ አውሬን ከውጭ ለመከልከል አይሆንም። ራኩን በጥርሱና በጥፍሩ ይበጥሰዋል፤ ባይበጥሰው እንኳ እጁ በቀዳዳው ያልፋል። ቀን ቀን ዶሮዎቹ ሜዳ ላይ እንዳይበተኑ ለማድረግ ጥሩ ነው። ለሌሊት ግን አትመኑት።

ሃርድዌር ክሎዝ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ነው። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ሆኖ ስፋቱ ግማሽ ኢንች ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ። የራኩን እጅ አያልፍበትም። ዋጋው ከዶሮ ሽቦ በእጥፍና ከዚያም በላይ ስለሆነ ሰው ይሸሸዋል። እኔም የሸሸሁት ለዚሁ ነበር። የዳነው ገንዘብ ከአራት ዶሮዎች ጋር ሄደ።

ስትሠሩት ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ በስቴፕል ሽጉጥ ብቻ አትምቱት። ራኩን ጠርዙን ይዞ ሲጎትት ስቴፕሉ ይነቀላል። በብሎንና በሰፊ ዋሸር እሰሩት፤ ወይም ጠርዙ ላይ ጣውላ ደርባችሁ በብሎን አጥብቁት። ሁለተኛ፣ መሬቱን አትርሱ። ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ወደ ውጭ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወንፊት መሬት ላይ አንጥፉና በካስማ ቸንክሩት። ሣሩ በወራት ውስጥ ይውጠዋል። የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ቆሞ ነው የሚጀምረው፤ ወዲያው ከወንፊቱ ጋር ይጋጫል። ሦስተኛ፣ ጣሪያውም ይከደን። ራኩን ይወጣል።

መቀርቀሪያው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አንድ ማታ በእጅ ባትሪ ከመስኮት ሆኜ አይቸዋለሁ። በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ ዓይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ አድርጎ፣ በሁለት እጁ የበሩን መንጠቆ ይዳስሳል። የሚሠራውን አያይም፤ በመዳፉ ነው የሚያነበው። መንጠቆውን አንስቶ በሩን ለመክፈት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም። ደግነቱ ዶሮዎቹን ያን ሰሞን ጋራዥ ነበር የማሳድራቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት የተለያየ እንቅስቃሴ የሚፈልግ መዝጊያ አደረግሁ፦ መወርወሪያ፣ እሱ ላይ ደግሞ ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ተጠምዝዞ የሚቆለፍ የብረት ማያያዣ (ካራቢነር)። መንጠቆ ብቻውን፣ ወይም የሚሽከረከር እንጨት ብቻውን፣ ከራኩን አያስጥልም።

ሲመሽ በራሱ የሚዘጋ በር ደግሞ ሥራ አምሽቶ ለሚመጣ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ብርሃን ሲቀንስ ይዘጋል፣ ሲነጋ ይከፈታል። ስትገዙ አንድ ነገር አረጋግጡ፦ በሩ ወደ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ከተዘጋ በኋላ ከታች በእጅ ሲነሳ እንዳይከፈት የሚይዘው ነገር ይኑረው። ከሌለው ራኩኑ ያነሳዋል።

የኤሌክትሪክ መረብስ? ዶሮዎቻችሁን ሜዳ ላይ ከቦታ ቦታ እያዘዋወራችሁ የምታረቡ ከሆነ ከሁሉም የተሻለ ነው። ተነቅሎ ይተከላል፣ በፀሐይ ኃይልም ይሠራል። አንድ ቦታ ለተተከለ ዶሮ ቤት ግን ሃርድዌር ክሎዙን እመርጣለሁ። ባትሪው ደከመ፣ ሣሩ ነካው፣ ማብራቱን ረሳሁት የሚባል ነገር የለበትም። ለሌሊት የሚታመነው ተኝታችሁም የሚሠራው ነው።

በቆሎ፦ እዚህ ኤሌክትሪኩ ያሸንፋል

እሸት የሚወድ እኛ ብቻ አይደለንም። ራኩን በቆሎው ወተት እስኪቋጥር ይጠብቃል፤ እናንተ «ነገ ከነገ ወዲያ እንቆርጣለን» ስትሉ እሱ ዛሬ ማታ ይመጣል። አገዳውን ወጥቶበት ይሰብረዋል፣ ከእያንዳንዱ ራስ ትንሽ ትንሽ ግጦ ይጥለዋል። የበላው ሳይሆን ያበላሸው ነው የሚያንገበግበው።

ሬዲዮ ማታ ማታ ከፍተን ሞከርን። ሁለት ሌሊት ሠራ፤ በሦስተኛው ሬዲዮው እየተናገረ በቆሎው ተበላ። እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ መብራትም እንዲሁ ነው። ለጥቂት ቀን ያስደነግጣል፣ ከዚያ ይለመዳል። መከሩ ሁለት ቀን ብቻ ከቀረው ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ አጥር ግን በእውነት ይሠራል። ከፍ ያለ መሆን የለበትም። ሁለት መስመር ሽቦ ይበቃል፦ አንዱ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ። ራኩን ከመዝለል ይልቅ በአፍንጫውና በእጁ እየመረመረ ስለሚሄድ መንካቱ አይቀርም። የሚልከው በአንድ ሰከንድ አንዴ ገደማ የምትመታ አጭር ንዝረት ናት። ታስደነግጣለች እንጂ አትገድልም። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራውን መሣሪያ ብቻ ተጠቀሙ፤ የቤት መብራት በቀጥታ ሽቦ ላይ መቀጠል ሰው ይገድላል።

ዋናው ቁም ነገር ጊዜው ነው። አጥሩ እሸቱ ከመድረሱ ከአንድ ሁለት ሳምንት በፊት መተከል አለበት። አንዴ ከቀመሰው በኋላ ብትተክሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ከመሸ እስኪነጋ ይብራ። ከታችኛው ሽቦ ሥር ያለውን ሣር በየጊዜው እጨዱ፤ ሣር ከነካው ኃይሉ ወደ መሬት ይሄዳል።

ኮርኒስ ላይ ከወጣ፦ ከመዝጋታችሁ በፊት ወሩን እዩ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

በሁለተኛው ዓመታችን፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከመኝታ ቤታችን ኮርኒስ በላይ ኮቴ መሰማት ጀመረ። አይጥ አይደለም፤ ከባድ ነው፣ የሰው እርምጃ ይመስላል። አንድ ድርጅት ጠራን። ሠራተኛው መጥቶ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለውን ቀዳዳ አየ። ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ገጠመለትና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሩ እንስሳው እንዲወጣ ይፈቅዳል፣ ተመልሶ እንዲገባ አይፈቅድም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሰውዬው ውስጥ ግልገል መኖር አለመኖሩን አልፈተሸም።

እናትዮዋ ማታ ለምግብ ወጣች። ስትመለስ በሩ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያውን ስትቧጥጥ አደረች። ከላይ ደግሞ ቀጭን የሚንጫጫ ድምፅ፣ የወፍ ጫጩት የሚመስል። ባለቤቴ እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ «እናት ናት እኮ» አለችኝ። ሲነጋ የጣሪያው ሽንግል አንድ ክንድ ያህል ተልጦ፣ ሥሩ ያለው ጣውላ ተበልቶ አገኘነው። ገብታለች። የጣሪያው ጥገና ከመጀመሪያው ሂሳብ ሦስት እጥፍ ወጣ።

ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ወሳኝ ነው። ራኩኖች የሚገናኙት በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። እርግዝናው ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው፤ ግልገሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያና በግንቦት ይወለዳሉ፣ ሦስት አራት አምስት ሆነው። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ሳምንታት ከጎጇቸው አይወጡም። በእነዚህ ወራት ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈተውን በር መግጠም ማለት እናትን ከልጆቿ መለየት ነው። ወይ ጣሪያችሁን ታፈርሳለች፣ ወይ ግልገሎቹ እዚያው ሞተው ቤቱ ይሸታል።

በመውለጃ ወቅት ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ መታገሥ ነው። ሁለት ወር ገደማ ጠብቃችሁ፣ ግልገሎቹ ከእናታቸው ጋር መውጣት ሲጀምሩ ትዘጋላችሁ። ጫጫታው የሚቻል ከሆነና የመብራት ሽቦ ካልነኩ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ሌላው ቦታውን ምቾት መንሳት ነው። ቀን ቀን ደማቅ መብራትና ሰው የሚያወራበት ሬዲዮ ከጎጆው አጠገብ ታደርጋላችሁ። ራኩን እናት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የምታውቀው መደበቂያ አላት። ሰላም ስታጣ ልጆቿን በአፏ አንድ በአንድ እያነሳች ትወስዳቸዋለች። ሁለት ሦስት ሌሊት ሊፈጅባት ይችላል። ራሳችሁ ወጥታችሁ ግን አትቅረቧት፤ ልጆቿን ለማስጣል ትናከሳለች።

የቀረ መኖሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ቀዳዳውን በተጨማደደ ጋዜጣ ጠቅጥቁት። ሁለት ሦስት ሌሊት ሳይነካ ካደረ ባዶ ነው። በከባድ ብርድ ወቅት ግን ይህን አትመኑ፤ ራኩን ቀናት ሙሉ ተኝቶ ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል። ባዶነቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ በሃርድዌር ክሎዝ ወይም በቆርቆሮ ዝጉት። ፎምና ጣውላ ብቻውን አይበቃም። የጭስ ማውጫ ካላችሁ ደግሞ የብረት ክዳን አስገጥሙ። ውስጡ እንስሳ እያለ እሳት አታንድዱ።

ባለሙያ የምትጠሩ ከሆነ፣ በቨርጂኒያ ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠራ ሰው ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ጠይቁ። ከመዝጋቱ በፊት ግልገል መኖሩን እንዴት እንደሚያረጋግጥ ጠይቁ። ተመልሶ ከገባ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። እኔ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ወጥመድ

«ይዤ ራቅ ያለ ጫካ ወስጄ እለቀዋለሁ» የሚለው ሐሳብ የደግ ሰው ሐሳብ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን በሕግ ክልክል ነው፤ በሌሎች ብዙ ግዛቶችም እንዲሁ። ምክንያቱም ከባድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአደን ተብሎ ከደቡብ ግዛቶች ራኩኖች ወደ ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ተጭነው መጡ። ከእነሱ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ አብሮ መጣ። ከዚያ ተነስቶ በምሥራቁ ጠረፍ ሁሉ ተዳረሰ። አሁንም መንግሥት የክትባት መድኃኒት ያለበት ምግብ ከአውሮፕላን ጫካ ላይ እየበተነ ሥርጭቱን ለመግታት ይሠራል።

ስለዚህ ራኩን በወጥመድ ስትይዙ የሚቀሩላችሁ ምርጫዎች ጥቂት ናቸው፦ እዚያው መልቀቅ፣ ወይም እንዲገደል ማድረግ። የዶሮ ቤቱ ካልተጠናከረ ደግሞ የአንዱን ቦታ ሌላው ይይዘዋል። ይህን በቤቴ አይቻለሁ። አንዱን ባለሙያ ከወሰደው በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ዱካ መጣ። በጸደይ የምትያዘው እናት ከሆነች ደግሞ የሆነ ቦታ የሚራቡ ግልገሎች አሉ።

ወጥመድ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁሉን ዘግታችሁ፣ ሁሉን አጥራችሁ፣ አንዱ ብቻ አልለቅ ካለ። ያኔ መጀመሪያ ወደ ቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውሉ፤ የምትኖሩት ሌላ ግዛት ከሆነ ወደዚያው። የሚፈቀደውን በትክክል ይነግሯችኋል። የተፈቀደላችሁ ከሆነ ወጥመዱን በየቀኑ ማየት ግዴታ ነው። ለማጥመጃ የድመት ምግብ አታድርጉ፤ የጎረቤት ድመት ትያዛለች። ማርሽሜሎው የሚባለው ለስላሳ ከረሜላ ይሻላል፤ ራኩን ይወደዋል፣ ድመት አትፈልገውም።

መግዛት የማያስፈልጋችሁ

በድምፅ ያባርራል የሚባለውን መሣሪያ ተዉት። የእሳት እራት ማጥፊያውን ነጭ እንክብል ኮርኒስ ላይ መበተን ራኩን አያስወጣም፤ ጠረኑ ግን ለልጆቻችሁ መርዝ ነው። አሞኒያ የነከሩትን ጨርቅ የሚመክሩም አሉ፤ መሸሽ ያልቻሉትን ግልገሎች ሳንባ ከመጉዳት ያለፈ የሚያስተማምን ውጤት የለውም። መርዝ ፈጽሞ አታስቡ። አሜሪካ ውስጥ ለራኩን የተፈቀደ መርዝ የለም፤ የምታስቀምጡትን ውሻችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ ሊያገኘው ይችላል።

ውሻስ? መንጋ ለመጠበቅ የሚረቡት ትላልቆቹ ዝርያዎች ሌሊት ውጭ ካደሩ በደንብ ያባርራሉ። የቤት ውስጥ ትንሽ ውሻ ግን ከራኩን ጋር ቢጣላ የሚጎዳው እሱ ነው። ማንኛውም ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያላለፈበት ይሁን፤ በቨርጂኒያ ከአራት ወር ዕድሜ ጀምሮ ግዴታም ነው።

እዳሪውን በባዶ እጅ አትንኩ

እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ሳለ ለጠላ ብቅል ዴኩ (ከቤቱ ጋር የተያያዘው የእንጨት ሰገነት) ላይ ታሰጣ ነበር። አንድ ጠዋት ከስጡ አጠገብ ጥቁር እዳሪ ተቆልሎ አገኘች። የድመት መስሏት በመጥረጊያ ልትጠርገው ስትል ደረስኩባት። ራኩን አንድ ቦታ መርጦ እየተመላለሰ ይጸዳዳል፤ ዴክ፣ የማገዶ ክምር፣ ጣሪያ ይወዳል። በእዳሪው ውስጥ የሚኖረው የወስፋት ዓይነት ትል እንቁላል ሰው ውስጥ ከገባ አንጎልና ዓይን ሊጎዳ ይችላል። በተለይ መሬት የነካ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ለሚያደርጉ ሕፃናት አደገኛ ነው።

እንቁላሉ ሰውን ለመያዝ ከወጣ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቶሎ ማንሳት ይጠቅማል። ጓንት፣ ማስክና የላስቲክ ቦት አድርጉ፤ አቧራው እንዳይነሳ ትንሽ ውኃ ርጩበት፤ በአካፋ አንስታችሁ በፌስታል አስሩት። ቦታው ላይ የፈላ ውኃ አፍስሱ። በረኪና ይህን እንቁላል አይገድለውም፤ የሚገድለው ሙቀት ነው። የልጆች የአሸዋ መጫወቻ ካላችሁ ማታ ማታ ይከደን። የእናቴን ብቅል ጣልነው። አዘነች፣ ግን ገባት።

ቀን ላይ የሚንቀሳቀስ ራኩን ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ የምታጠባ እናት ቀንም ምግብ ትፈልጋለች። የሚንገዳገድ፣ ሰው የማይፈራ፣ ያለ ምክንያት የሚተናኮል ከሆነ ግን ልጆችንና ውሻውን አስገብታችሁ ለካውንቲው የእንስሳት ቁጥጥር ደውሉ። ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ትንሽ ናት» ተብሎ አይታለፍም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው፤ ክትባቱ በጊዜው ከተወሰደ ግን ያድናል።

አሁን እኛ ቤት ዶሮዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። ከሃርድዌር ክሎዙ በኋላ አንድም አልጠፋብንም። ዱካውን ግን አሁንም ጭቃው ላይ አየዋለሁ፤ ዶሮ ቤቱን አንዴ ይዞርና ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ጣሪያውን የምፈትሸው በመስቀል ሰሞን ነው። ግልገሎቹ አድገው ወጥተዋል፣ ብርዱም ገና አልገባም። መሰላሉን አወጣለሁ፣ ልጄ ከታች ይይዝልኛል። ጠርዙን በእጄ እየዳሰስኩ፣ የላላ ጣውላ እየፈለግሁ ዙሪያውን እሄዳለሁ።